«ትንሽ ማስተካከያ ብቻ ናት!» የ30 ሰከንድ አኒሜሽን መስፈሪያው ምንድን ነው?

ገበያ የወጣ ዕቃ ሁሉ መስፈሪያ አለው። ቡና በኪሎ፣ አቡጀዲ በሜትር፣ ዘይት በሊትር ይሸጣል። ሻጭና ገዢ በዋጋው ቢከራከሩም በመስፈሪያው አይጣሉም፤ ሚዛኑ በሁለቱም ዓይን ፊት ነውና። አንድ ዕቃ ግን አለ፣ መስፈሪያው ለገዢው የማይታየው። ይኸውም በቴሌቪዥንና በእጅ ስልክ የምናየው የአኒሜሽን ማስታወቂያ፣ በልማድ «ካርቱን» የምንለው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው። ገዢው የሚያየው 30 ሰከንድ ነው። ሻጩ የሚሸጠው ግን የሳምንታት ጉልበቱን ነው። ጠቡም የሚጀምረው ከዚሁ ላይ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ደንበኞችና ቀጣሪዎች ለአኒሜሽን ባለሙያዎች የሚያቀርቧቸውን ከአቅም በላይ የሆኑ ጥያቄዎች፣ ምንጫቸውን፣ የሚያስከትሉትን ኪሣራና መፍትሔውን እንመለከታለን። ነገሩ የሠዓሊዎች እሮሮ ብቻ ተደርጎ እንዳይወሰድ። ገንዘቡን የሚያወጣው ነጋዴም ከሠዓሊው ባላነሰ ይጎዳበታል።

የእምድብሩ ነጋዴ

ነገሩን ለመረዳት አንድ ምሳሌ እንፍጠር። ከወልቂጤ አለፍ ብላ የምትገኘው የቸሃ ወረዳ መቀመጫ እምድብር፣ እንደ ሌሎቹ የጉራጌ ከተሞች ሁሉ፣ በመስቀል ሰሞን ትደምቃለች። በአዲስ አበባና በሌላውም ከተማ ለንግድ ተበትኖ የከረመው ተወላጅ ወደ አገሩ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። ሰንጋው፣ ቅቤውና ቆጮው እጅግ የሚፈለገውም ያን ጊዜ ነው። እንግዲህ መርካቶ ሱቅ ያለው አንድ የእምድብር ተወላጅ ነጋዴ ለበዓሉ ማስታወቂያ በአኒሜሽን ሊያሠራ አሰበ እንበል። ምኞቱ መልካም ነው። ጀፎረው ለምልሞ፣ እንሰቱ በነፋስ እየተወዛወዘ፣ ልጆች እየሮጡ፣ ሰንጋው ጭራውን እያወናጨፈ፣ እናት ክትፎ ስታቀርብ እንዲታይ ይፈልጋል። ሥራውንም አንድ ኮምፒዩተር ይዞ ለሚፍጨረጨር የአገሩ ልጅ ይሰጠዋል። ጊዜው የነሐሴ ማለቂያ ነው፤ ለመስቀል ሦስት ሳምንት ገደማ ቀርቶታል።

«አንተ የኛው ልጅ ነህ፤ 30 ሰከንድ ናት፤ በሦስት ቀን ትጨርስልኛለህ» ይለዋል ነጋዴው።

«እሺ ጋሼ፣ እሞክራለሁ» ይላል ልጁ። ታላቅን ሰው «አይሆንም» ማለት ነውር ነውና።

ሁለቱም ሳይቆጥሩ ተስማሙ ማለት ነው። እስቲ እኛ እንቁጠርላቸው።

ሥዕል የሚንቀሳቀስ የሚመስለው ጥቂት በጥቂት የሚለያዩ ሥዕሎች በፍጥነት ሲፈራረቁ ነው። በፊልም ልማድ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 24 ምስሎች ያልፋሉ። 30 ሰከንድ ማለት እንግዲህ 720 ምስል ነው። ባለሙያዎች ድካም ለመቀነስ አንዱን ሥዕል ለሁለት ምስል ስለሚጠቀሙበት ቁጥሩ ወደ 360 ይወርዳል። አንድ ሠዓሊ በቀን 15 የተጣራ ሥዕል ያወጣል ብንል 360ው ሥዕል 24 የሥራ ቀን ይፈጃል። እሑድን ካረፈ አራት ሳምንት ሞላ። ይህ እንግዲህ የአንድ ገጸ ባሕርይ ሒሳብ ነው። ልጆቹ፣ ሰንጋውና እንሰቱ ለየብቻ ይንቀሳቀሱ ከተባለ ሥዕሉ በዚያው ልክ ይጨምራል። የጀርባው ሥዕል፣ ቀለሙ፣ ድምፁና ቅንብሩ ገና አልተቆጠሩም።

«ታዲያ ኮምፒዩተሩ ምን ይሠራል?» የሚል ይኖራል። በእርግጥ ኮምፒዩተር ድካሙን ያቀልላል። ገጸ ባሕርዩ እንደ አሻንጉሊት ክንዱ፣ ጉልበቱና አንገቱ ለየብቻ ተሥሎ በመገጣጠሚያ ይያያዛል፤ ሠዓሊው ዋና ዋናውን አቋም ሲያሳይ መሐል ያለውን ፕሮግራሙ ይሞላል። ነገር ግን አሻንጉሊቱን ራሱን መገጣጠም ቀናት ይወስዳል። ወደ ጎን ዞሮ የተሠራው ሰው ፊቱን ወደ ተመልካች ይመልስ ከተባለም አዲስ ሥዕል ያስፈልጋል።

ዛሬ ደግሞ «በሰው ሠራሽ አእምሮ በደቂቃ ይወጣል» የሚለው ክርክር መጥቷል። ጥቂት ሰከንድ የሚንቀሳቀስ ሥዕል በፍጥነት የሚያወጡ ፕሮግራሞች መኖራቸው እውነት ነው። ሆኖም በመጀመሪያው ትዕይንት የታየችው እናት በሁለተኛውም ያችው እናት፣ ቀሚሷም ያው ቀሚስ መሆን አለበት። እንሰቱም እንሰት እንጂ ሙዝ መምሰል የለበትም፤ የእምድብር ሰው ይህንን በአንድ ዓይን ይለየዋል። ያን የሚያርመው ሰው ነው፤ የሰው ሰዓት ደግሞ ዋጋ አለው።

ምሰሶው ከቆመ በኋላ

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚበላው «ትንሽ ማስተካከያ» የሚባለው ነው። ይህን ለመረዳት የጉራጌን ቤት ማሰብ ይበቃል። ቤቱ ገና መሬት ላይ በገመድ ተለክቶ ምልክት ሲደረግ ባለቤቱ «ትንሽ ወደዚህ ይምጣ» ቢል ገመዱን ማንቀሳቀስ ነው፤ ወጪ የለውም። ማገሩ ከተመታ በኋላ ቢል የቀናት ሥራ ይፈርሳል። ምሰሶው ቆሞ፣ ጣራው ተዋቅሮ፣ ሣሩ ከተከደነ በኋላ «ምሰሶውን አንድ ክንድ ወደ ቀኝ» ቢል ግን ቤቱን አፍርሶ መሥራት ነው። ልብ ያለው ሰውም እንዲህ አይጠይቅም፤ ምሰሶው ይታየዋልና።

አኒሜሽንም ደረጃ በደረጃ ይሠራል። በመጀመሪያ ጽሑፉ ይዘጋጃል። ቀጥሎ ታሪኩ በትናንሽ የእርሳስ ንድፎች ተራ በተራ ይሣላል፤ ስቶሪቦርድ የሚሉት ይህን ነው። ሦስተኛ የገጸ ባሕርያቱ መልክና ልብስ ይወሰናል። አራተኛ ንድፎቹ ከድምፅ ጋር ተቀናብረው ርዝመቱ ይለካል። አምስተኛ እንቅስቃሴው ይሠራል። በመጨረሻም ቀለሙና ድምፁ ተዋሕዶ ኮምፒዩተሩ ምስሎቹን አንድ በአንድ ያወጣቸዋል። በስቶሪቦርዱ ላይ «እናትየዋ ትቀመጥ» ማለት በላጲስ አጥፍቶ መሣል ነው። እንቅስቃሴው ካለቀ በኋላ ማለት ግን ምሰሶውን መንቀል ነው። ደንበኛው ሁለቱም አንድ ዓይነት ቃል ስለሆነበት «ትንሽ» ይለዋል።

ክፉው ነገር አብዛኛው ደንበኛ ስቶሪቦርዱን «እርሳስ ነው፣ ሲያልቅ አሳየኝ» ብሎ ሳያይ ያልፈዋል። ሐሳቡን መግለጽ የሚጀምረው በነጻ ሊታረም በሚቻልበት ጊዜ ሳይሆን ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

የተለመዱት ጥያቄዎች

ከዚህ ሌላ በዚህ ገበያ የሚደጋገሙ ጥያቄዎች አሉ።

የመጀመሪያው «ናሙና በነጻ ሥራና ከወደድነው እንከፍላለን» የሚለው ነው። ቅቤ ሻጯ በጣት ጫፍ ታስቀምሳለች እንጂ ቅሉን ሙሉ ለቅምሻ አትሰጥም። ባለሙያው ቀድሞ የሠራውን ማሳየቱ ቅምሻ ነው። ለደንበኛው ማስታወቂያ አዲስ ሥዕል ሠርቶ ማምጣቱ ግን ቅሉን መስጠት ነው።

ሁለተኛው «እንደ ዲዝኒ ይሁንልኝ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ለሕዝብ የታየው «ስኖው ኋይት» 83 ደቂቃ ገደማ የሚረዝም ፊልም ነው። ለዚያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠዓሊዎች ዓመታት ደክመዋል፤ በዚያ ዘመን ገንዘብ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበታል። በሠፈር ሱቅ በጀት ያን መጠየቅ በፍየል ዋጋ ሰንጋ መጠየቅ ነው። በጀቱን አይቶ ስልቱን መምረጥ ግን ይቻላል። በአገራችን መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ2005 የመሠረቱት ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ በልጆች ዘንድ የታወቀው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በሚለው ዝግጅት ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ቀጭኔዋ ፀሐይ በእጅ የምትንቀሳቀስ አሻንጉሊት ነበረች። ሙሉ አኒሜሽን የሆነ ተከታታይ ፊልም ድርጅቱ ያወጣው ከዓመታት በኋላ ነው። አሻንጉሊት መሆኗ ልጆችን ከመውደድ አላገዳቸውም።

ሦስተኛው «ስምህ ይታወቅልሃል» እየተባለ በገንዘብ ፈንታ የሚሰጠው ተስፋ ነው። ስም መልካም ነው፤ የቤት ኪራይ ግን በስም አይከፈልም።

አራተኛው የአዛዥ ብዛት ነው። ነጋዴው ሥራውን ያጸድቃል፤ ወንድሙ ቀለሙን ይጠላል፤ ሸሪኩ ዘፈኑን ይለውጣል፤ በመጨረሻም ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ «ሰንጋው ቀይ ይሁን» ይላል። ሁሉም ሐሳብ ይሰጣል፤ ለሐሳቡ የሚከፍል ግን የለም።

ቀጣሪዎችም ከዚህ አይተናነሱም። «ግራፊክስ ባለሙያ» ተብሎ የተቀጠረው ወጣት ጽሑፍ ጸሐፊ፣ ሠዓሊ፣ አኒሜተር፣ ድምፅ ቀራጭ፣ በሠርግና በስብሰባ ቀን ደግሞ ካሜራ ተሸካሚ ይሆናል። የአምስት ሰው ሥራ በአንድ ደመወዝ መሆኑ ነው። ማታ መብራት ሲጠፋ ኮምፒዩተሩ በግማሽ ያወጣው ምስል ቢበላሽ ተጠያቂው እሱ ነው፤ ጠዋት ግን በሰዓቱ ይፈለጋል።

ሙያውን መፈለግ፣ ባለሙያውን መናቅ

ነገሩ ባለማወቅ ብቻ የመጣ አይደለም። በአገራችን የእጅ ሙያተኛን ማቃለል ሥር የሰደደ ልማድ ነበር። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔውና ፋቂው የሠሩትን ሁሉም ይጠቀምበታል፤ ሠሪዎቹ ግን ይሰደቡ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማወጅ የደረሱት ስድቡ ሥራውን ራሱን ስለሚገድል ነበር።

የጉራጌም አገር ከዚህ ነጻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፉ ቸሃን በስፋት ያጠናው ዊልያም ሻክ እንደገለጸው፣ እንጨት ሠርተው የሰውን ቤት የሚያቆሙት ሙያተኞች መሬት የማይዙና ከሌላው ጋር የማይጋቡ ሆነው ይኖሩ ነበር። ውብ የሆነውን ቤት ሁሉም ይኮራበታል፤ የሠራው እጅ ግን ከማዕዱ ይርቅ ነበር። ዛሬ ያ ስድብ በአኒሜሽን ባለሙያ ላይ አይወርድም። «እሱ እኮ መሣል ያዝናናዋል፣ ለምን ይከፈለዋል?» የሚለው አነጋገር ግን የዚያ አስተሳሰብ የልጅ ልጅ ነው።

ትልልቆቹም ከስረውበታል

«ይህ የድሀ አገር ችግር ነው» የሚል ቢኖር ወደ ሆሊውድ ይመልከት። ሪዝም ኤንድ ሂዩስ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1987 የተቋቋመና በሙያው የተከበረ ነበር። «ላይፍ ኦፍ ፓይ» በተባለው ፊልም ላይ ያን የሚያስደንቅ ነብር በኮምፒዩተር የሠሩት የእሱ ሰዎች ናቸው። ፊልሙ በየካቲት 2013 እ.ኤ.አ. በምስል ጥበቡ ኦስካር ሲሸለም ግን ድርጅቱ ከቀናት በፊት ኪሣራ አውጆ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞቹን አሰናብቶ ነበር። በዚያ ገበያ ዋጋው አስቀድሞ ይቆረጣል፤ ለውጡና መዘግየቱ ግን አይቆረጥም። ደንበኛው ሐሳቡን በለወጠ ቁጥር ወጪው በሠሪው ትከሻ ላይ ይወድቃል። የድርጅቱ ሰዎችም ለኪሣራው ካነሷቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ስም በገንዘብ ፈንታ የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ኦስካር የተሸለመ ድርጅት ባልከሰረ ነበር።

ነገሩ አዲስም አይደለም። በግንቦት 1941 እ.ኤ.አ. በመቶዎች የሚቆጠሩ የዲዝኒ ሠዓሊዎች ሥራ አቁመው በር ላይ ተሰልፈዋል። ከቅሬታቸው መካከል የደመወዝ አለመመጣጠንና በፊልሙ ላይ ስማቸው አለመጠቀሱ ይገኙበታል። በሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስለ «ስፓይደር ቨርስ» ሁለተኛ ፊልም በወጣ ዘገባ፣ ሠራተኞች ያለቀ ሥራ በተደጋጋሚ እንዲፈርስ ይታዘዝ እንደነበርና 100 የሚሆኑ ሠዓሊዎች ፊልሙ ሳያልቅ ጥለው እንደሄዱ ተናግረዋል። የፊልሙ ኃላፊዎች በበኩላቸው ለውጥ የፊልም ሥራ ጠባይ ነው ብለዋል። ልዩነቱ ለውጡን የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ላይ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በአገራችን ተቀጥሮ ለሚሠራው ባለሙያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አለ። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ክፍያውም ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ የመደበኛው አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ አንድ ከሦስት አራተኛ፣ በዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። «ደንበኛው ቸኩሏል» ተብሎ በነጻ የሚታደርበት ሌሊት በሕጉ ውስጥ የለም።

በግሉ ትዕዛዝ የሚቀበለው ባለሙያ ግን ይህ አዋጅ አይደርስለትም። እሱን የሚጠብቀው ውሉ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሚገባ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚጸና ይደነግጋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ በቅጥር ወይም በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የቀጣሪው ወይም የአዛዡ እንደሚሆን ይገልጻል። በሥራው ደራሲነት የመታወቅ መብት ግን ከሠሪው ጋር ይቀራል። ስለዚህ ባለሙያው በገጸ ባሕርዩ ላይ መብት እንዲኖረው ከፈለገ አስቀድሞ ማጻፍ አለበት። ዋናው የኮምፒዩተር ፋይል ይሰጥ አይሰጥ የሚለውም አብሮ ካልተጻፈ የነገ ጠብ ነው።

አንዲት ወረቀት

መፍትሔው ከነጋዴው ልማድ የራቀ አይደለም። የጉራጌ ነጋዴ ሱቅ ሲከራይ፣ ሰንጋ ሲያስይዝ ቀብድ ይሰጣል። በፍትሐ ብሔር ሕጉም ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ቀብድና ቅድሚያ ክፍያ ግን አንድ አይደሉምና የተሰጠው ገንዘብ የትኛው እንደሆነ በወረቀቱ ላይ ይጻፍ።

በዚያችው ወረቀት ላይ የሚከተሉት ቢሰፍሩ ብዙው ጠብ ሳይወለድ ይቀራል፤ ማስታወቂያው ስንት ሰከንድ እንደሆነና በየትኛው ስልት እንደሚሠራ፤ በየደረጃው የሚያጸድቀው አንድ ሰው ማን እንደሆነ፤ ስንት ማስተካከያ በነጻ እንደሚደረግና ከዚያ በላይ ያለው በቀን ስንት ብር እንደሚከፈልበት፤ ክፍያው ለምሳሌ በሦስት ተከፍሎ ሲጀመር፣ ስቶሪቦርዱና ርዝመቱ ሲጸድቅና ሲያስረክብ እንደሚሰጥ፤ የመረከቢያው ቀን የሚቆጠረው ደንበኛው ጽሑፉንና ፎቶግራፉን ካስረከበበት ዕለት ጀምሮ መሆኑን። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የተባለው ለወጥ ብቻ አይደለም።

ባለሙያዎችም ከጥፋት ነጻ አይደሉም። የሌላ ሰው ሥራ የራሳቸው አስመስለው የሚያሳዩ፣ በአንድ ጊዜ አምስት ትዕዛዝ ተቀብለው ስልክ የሚያጠፉ፣ በሦስት ቀን እንደማይደርስ እያወቁ «እሺ» የሚሉ አሉ። ለታላቅ ሰው «አይሆንም» ማለት ቢከብድ እንኳ ቆጥሮ ማሳየት አያሳፍርም። ነጋዴ ቁጥር ይገባዋል።

የእምድብሩ ነጋዴም ቢቆጠርለት ኖሮ ባልተጣላ ነበር። በዚያ ሦስት ሳምንት 30 ሰከንዱ አይደርስም። አንዲት እናት ክትፎ ስታቀርብ ብቻ የምታሳይ የ10 ሰከንድ አኒሜሽን ግን 120 ሥዕል ናት፤ በቀን 15 ሲሠራ 8 ቀን ትፈጃለች። ለቀለሙ፣ ለድምፁና ለሁለት ማስተካከያ ከሳምንት በላይ ይተርፋል። 30 ሰከንዱን የሚፈልግ ከሆነም ትዕዛዙን በሰኔ ወይም በሐምሌ ይስጥ። ለመስቀል የሚታረደውን ሰንጋ ቀድሞ የሚያስብ ሰው ማስታወቂያውን በነሐሴ ማለቂያ የሚያስብበት ምክንያት የለም።